ማርክ የሌለው ፈተና

ዛሬ አንገቴን ደፍቼ ነው የዋልኩት።

ግቢዬ ተከራይታ ቴፒ ካምፓስ የምትማረው ትዕግስት ውጤቷን አይታ መጣች። ስታትስቲክስ ወድቃለች።

ከዋናው ፈተና በፊት መምህራቸው ለፈለገ ሰው መለማመጃ ፈተና አዘጋጅቶ ነበር። ልትሄድ ስትል ሰማዩ ጠቆረ። "ማርክ ከሌለው ምን ያደርግልሻል? ይልቅ ነይ የተሰጣውን ቡናዬን አብረን እናስገባ" አልኳት። ልጅቷ ሰው አክባሪ ናት፣ ቀረች።

ዝናቡም ቀረ። እሱም የታዘበኝ ይመስለኛል።

መለማመጃውን የሠራችው ጓደኛዋ ግን አለፈች። "የቱ ጋ እንደምሳሳት ያወቅኩት ያን ቀን ነው" ስትል ሰማኋት።

ትዕግስት አልወቀሰችኝም። "እትዬ፣ ቡናው ደረቀልዎት?" ብቻ ነው ያለችኝ።

እናንተስ "ትንሽ አግዘኝ" ብላችሁ ከትምህርቱ ያስቀራችሁት ልጅ አለ? ምን ብላችሁ ይቅርታ ጠየቃችሁ? እኔ እስካሁን በሯን ማንኳኳት አቅቶኛል።