ፈርስ የነካው ሥጋ

ሞጣ ውስጥ የሳሊህን ሥጋ ቤት ያህል የሚታመን አልነበረም። የቸኮለ ቢላ አንጀት ነክቶ ፈርስ ከፈሰሰ ሌሎች ውሃ ደፍተው፣ ጠርገው ይሰቅሉታል፤ እሱ ግን «ፈርስ የነካው ሥጋ ታጥቦ አይጠራም» ብሎ ለውሻ ይጥለዋል። ለደንበኛ መዋሸት አይሆንለትም። ለገበያ ደግ አመል ነው።

ሚስቱን ሀሲናን ጉልበቷን ያማታል። ከመድኃኒት መደብር ማስታገሻ ትገዛና ቁርስ ሳትቀምስ ትውጣለች። ጨጓራዋን ሲያቃጥላት አብሽ ትጠጣለች፤ ወዲያው ደግሞ ክኒኑን። በ2008 ክረምት አንድ ጠዋት ጎመን ስትቀነጥስ፣ ሆዷን በጩቤ የተወጋች ያህል ጮኻ ወደቀች። ሆስፒታል ስትደርስ ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር፤ መንቀሳቀስ ቀርቶ መተንፈስም ፈራች።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዶክተር አስናቀው ሳሊህን ወደ ጎን ጠራው።

«ጋሽ ሳሊህ፣ ጨጓራዋ ተበስቷል። የበላችውም አሲዱም ሆዷ ውስጥ ፈሷል። አሁኑኑ ከፍተን እናጥባለን፤ ቀዳዳውንም እንደፍናለን።»

ሳሊህ ፊቱ አመድ መሰለ። ዕድሜውን ሙሉ ሆድ ሲከፍት የኖረ ሰው፣ ማን ምን ያስረዳዋል? «አይ ዶክተር፣ የፈሰሰ አይታፈስም። በከንቱ አትቅደዱብኝ።»

«የእርስዎ በሬ የሞተ ነው፤ እሷ ሕያው ናት። ሕያው ሥጋ ቶሎ ካጠቡት ይጠራል። የሚገድላት መዘግየቱ ነው።»

አልገባውም። ሀሲና እጁን ያዘችና «አንተ ታውቃለህ፤ ቢቀድዱኝ እድናለሁ?» አለችው። ያን ጊዜ እንኳ ቢዋሽ ምን ነበረበት! እሱ ግን ለደንበኛ እንደሚናገር «አትድኚም» ብሎ እውነቱን ነገራት፤ እውነት መስሎት። «እንግዲያ አልቀደድም» አለች። ዶክተሩ ለመነ፣ አስፈራራ፤ አሻፈረኝ አለች።

በማግስቱ ታላቅ እህቷ ሳብሪያ ከብቸና ደረሰች። የተነፋውን ሆድ አይታ ሳሊህ ላይ ጮኸችበት። «አንተ! ሚስትህ በሬ ናት? ስጣቸው እንጂ!» ሀሲና ራሷን ስታለች፤ ፈቃዱ የእሱ ሆነ። አንገቱን ደፍቶ ፈረመ።

ዶክተር አስናቀው ሆዷን ከፍቶ መግሉን ቀዳ፤ በጨው ውሃ ደጋግሞ አጠበ። የራሷን ሞራ ስቦ ቀዳዳውን ደፈነበትና ሰፋው፤ የቀረው እንዲወጣም ቱቦ አደረገላት። ሀሲና ግን አልነቃችም። መርዙ ደሟ ውስጥ ገብቶ ነበር። መጀመሪያ ሽንቷ ቆመ፤ ቀጥሎ ትንፋሿ።

ሳሊህ ዶክተሩን ኮሪደር ላይ ያዘው። «ሥጋው በስብሶ ነበር፣ አይደል?» አለው። አዎ በለኝ እያለ በዓይኑ ይለምናል።

«አልበሰበሰም» አለ ዶክተሩ። «መርፌ ስሰድበት ይደማ ነበር። ትናንት ብትሰጡኝ…»

ለቅሶ ደራሹ «ቀደር ነው ሳሊህ፣ አላህ የጻፈው ነው፤ ሶብር አድርግ፣ ቻለው» ይለዋል።

«ቀደሩስ የአላህ ነው» ይላል ሳሊህ። «ስትጠይቀኝ የመለስኩላት ግን እኔ ነኝ።»