ደወል ዝም ያለች ጊዜ

በሆቴሉ የልብስ እጥበት ክፍል ሴቶቹ ለአንዲት ባልደረባቸው ያወጡላት ስም «ደወል» ነበር። አንሶላ ሲያጥፉ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን እጃቸውን የሚያስማማው የእሷ ድምፅ ነው። «ያዢ፣ ወጥሪ፣ እጠፊ» ትላለች። አንዷ ከዘገየች ደግሞ፣ «እመቤት፣ ልትተኚበት ነው እንዴ?» ብላ ሁሉንም ታስቃለች።

አንድ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ልብስ የምትተኩሰውን ልጅ ከማድረቂያው ጀርባ እጇን ጠምዝዞ ወደ ግድግዳ ሲያስጠጋት ደወል በዓይኗ በብረቱ አየች። ልጅቷ ከሰሰች። ሥራ አስኪያጁ ሴቶቹን ሰብስቦ በየተራ «አላየሁም» አስባላቸው። አንዳንዶቹ እውነትም አላዩም፤ የቀሩት ፈሩ።

ደወል ተራዋ ሲደርስ ዝም አለች።

«እትዬ፣ አንቺን እኮ ነው።»

የሽርጧን ጠርዝ እያፍተለተለች ዓይን ዓይኑን አየችው።

«አላየሁም ማለት ምን ይከብዳል?»

«አየሁ» ብትል እንጀራዋ ያልቅለታል፤ ቤት ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ ባል አለባት። «አላየሁም» ብትል ደግሞ ልጅቷን መካድ ነው፤ ሁለቱንም ሳትል ወጣች።

ልጅቷ ተባረረች። ከዚያ ወዲያ ደወል ሥራ ቦታ ላይ ቃል አልተነፈሰችም። አንሶላው ጠርዝ ከጠርዝ አልገጥም አለ። ኃላፊው «ደወላችሁ ተሰነጠቀ መሰለኝ» ብሎ አሾፈ፤ የሳቀለት ግን የለም። ሌላዋን «በይ በእሷ ፈንታ አንቺ ጥሪ» ቢላት አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። ውሎ አድሮ ሰላምታውን እንኳ የሚመልስለት ጠፋ። ሲገባ ወሬው ሁሉ ቁርጥ ይላል። በመጨረሻ ራሱ «ቀይሩኝ» ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ።

ደወል የምሥራቹን ይዛ ልጅቷ ቤት ሄደች። ልጅቷ በሩን ገርበብ አድርጋ እዚያው ቆመች፤ ግቢም አላለቻት።

«ሄደልሽ እኮ፣ ልጄ። አንዳችንም አላናገርነውም።»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔም አላየሁም አላልኩም።»

«እትዬ፣ እኔ የጠበቅኩት አየሁ እንድትይልኝ ነበር። ውሸታም ተብዬ ቀረሁ። ዝምታሽን ለማን ላሳይ?»

ደወል ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ድምጿ እየሻከረ፣ «ውሸታም ያለሽ ማነው? ቤቱን አሳዪኝ» አለች።

ልጅቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«እናቴ ናት፤ ውስጥ አለች» አለችና ከበሩ ገለል አለችላት።