ጉልበት አልስምም ያለች ልጄ

ከመንዝ በወጣሁበት ምሽት ጋሼ ታደሰን አልተሰናበትኩም። የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቢሰማ ያስቀረኝ ነበር። ጎረቤቴን «በጎቹን እይልኝ፣ ደብረ ብርሃን ታማሚ ልጠይቅ ነው» ብዬ ዋሸሁና በሶዬን ቋጥሬ የመጨረሻዋ መኪና ላይ ወጣሁ። እናንተ፣ ልቤ የሌባ ልብ ሆኖ ነበር!

ልጄ ሰብለ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የዶርም ጓደኛዋ ደውላ «እማማ፣ ከፈተና መሀል ጆሮዋን ይዛ ወጣች፤ አሁንም ከወደቀች ትባረራለች» አለችኝ። ጋሼ ታደሰ ይህን ሲሰማ «ጥሩ! ትምጣና እድራታለሁ፤ ባል ይገራታል» አለ። ይገራታል! በቅሎ ናት?

የጊቤን ቁልቁለት ስንወርድ ጋቢዬ ላዬ ላይ እሳት ሆነ። የኛ ብርድ አጥንት ቢቆረጥምም ደረቅ ነው። ጅማ ግን ዝናቡ አያባራም፤ ጫማ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል። አቮካዶ እንደኛ ድንች ደጅ ላይ ተቆልሏል፤ የገብስ ቆሎ ሲያምረኝ ግን ማን ይስጠኝ።

በቾ ቦሬ ሰፈር ቤት ያከራየችኝ አዴ ዘይነባ ናት። ሰብለን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣

«ሀዳ ሰብለ፣ ልጅሽ ሰላምታ አትመልስም እንዴ?» አለችኝ። የሰብለ እናት ማለቷ ነው።

«አፍራ ነው፣ አዴ።»

«ኧረ ተያት! ያለፈው ተከራዬ በሰላምታ ሊገድለኝ ነበር፤ ሲሄድ በሬን ነቅሎ ሄደ። ዝምተኛ ይሻለኛል ወላሂ!»

የዩኒቨርሲቲው ጊቢ ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ነው።

«ታማለች?»

«ኧረ ደህና ናት።»

«ታዲያ ምን ፈልገው መጡ እማማ?»

«ፈተና ላይ ጩኸት አትችልም...»

«ታማለቻ!»

«እሺ፣ ታማለች።»

«እንግዲያው ዊዝድሮዋል ትሙላ፣ ትምህርቱን ታቋርጥ፤ ስትድን ትመለሳለች።»

«የማይድን ከሆነስ?»

ፎርሙን ገልብጦ አየ። «እሱ እዚህ ላይ የለም።»

በኋላ አንዲት መምህሯ «የሐኪም ወረቀት ካመጣች ጸጥ ያለ ክፍልና ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣታል» ብላ ወደ ምርመራ ላከችን።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። «ልጅነቷን ይንገሩኝ፣ እናቴ» አለችኝ። በኛ አገር ስለ ሴት ልጅሽ አጥብቆ የሚጠይቅ የጋብቻ ሽማግሌ ነው፤ ጉድለቷን አትነግሪውም። እኔም «በጊዜዋ አፏን ፈታች፤ ሰው ትወዳለች፤ የትልቅ ሰው ጉልበት ሳትስም አታልፍም» አልኩ። ያስመረጥኳት መስሎኝ!

ሰብለ ወደ መስኮቱ እያየች፣ ድምጿ ከፍም ዝቅም ሳይል፣ «ውሸት ነው እማ» አለች። «እስከ አምስት ዓመቴ አልተናገርኩም። የአባባ ተዝካር ቀን የሰው ጉልበት አልስምም ስል ጋሼ ታደሰ በቀበቶ መታኝ። አስራ አንድ ጊዜ። እጄን የያዝሽው አንቺ ነሽ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔም ያን ጊዜ የደበቅሁትን ሁሉ አወጣሁ።

ሦስት ጊዜ ተመላለስን። በመጨረሻ «ኦቲዝም ነው፣ አብሯት የተወለደ ነው። ፊደልም ቶሎ አይያዝላትም። ጥጋብ አይደለም፤ መንፈስም አይደለም» አለችን። ወረቀቱን ጊቢው ተቀበለ። ሰብለ ለብቻዋ ተፈተነች፤ አለፈች።

ለኔ ግን ይሄ አልበቃኝም። ሰብለን አስፈቅጄ፣ ወረቀቱን ወደ አማርኛ አስተርጉሜ፣ በመንዝ ሾፌር ለእድሩ ጸሐፊ ላክሁት፤ በተዝካሩ ዕለት ቆመው ያዩ ሁሉ በተሰበሰቡበት እንዲነበብ። አስራ አንዱንም የቀበቶ ምት ሰብለ ራሷ ከታች ጽፋዋለች።

በሳምንቱ ጋሼ ታደሰ ደወለ።

«እድርተኛው ፊት አዋረድሽኝ እኮ!»

«ገና ምኑ ተነካና!»

እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ምላሴ ማር ቀመሰ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስልኩን ለልጅቷ ስጫት» አለ፤ «ይቅር ትበለኝ።»

ሰጠኋት። ሰማችውና «አልልም» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ፤ ወደ ደብተሯም ዞረች። ስልኩ ውስጥ ከጋሼ ታደሰ ትንፋሽ ኋላ የሰፈራችን በጎች ሲጮሁ ይሰማኛል። የኔዎቹ ይሁኑ አይሁኑ እንጃ። ዘጋሁበት።

የዘራሁት በቀል ደርሶልኝ፣ እልል ማለት ሲገባኝ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንገቷን አየሁት። «እኔንስ ይቅር ትይኛለሽ?» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ልጄ ለሰው ደስ ይበለው ብላ አትናገርም። ይኸው ክረምቱ ገባ፤ አልጠየቅኋትም።