ከቦረቦሩ የወጣው ነጭ ጥርስ

ጥርሴ ቡናማ ነው። አዳሚ ቱሉ ተወልጄ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቼ ስላደግሁ ሌላ መልክ ሊኖረው አይችልም። ሥራዬ ደግሞ የጥርስ ሐኪምነት ነው፤ አዳማ ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። በሽተኛው ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ አፉን ከመክፈቱ በፊት የእኔን አፍ ያያል። «ዶክተር፣ መጀመሪያ የራስዎን አይታከሙም?» የሚለኝ አይጠፋም። «የእኔን ውሃው ነው እንዲህ ያደረገው፤ ያንተን ግን ከረሜላ ነው የጨረሰው፤ አርፈህ ክፈት» እለዋለሁ። በእኛ አካባቢ ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የልጅ ጥርስ ገና ከድዱ ሳይወጣ ይበላሻል፤ ከወጣ በኋላ ሎሚ ቢሉት፣ ከሰል ቢሉት አይለቅም።

ባለፈው ክረምት የእናቴ ታላቅ ወንድም ከአዳሚ ቱሉ ደወለላት። «ወንድማችን ተገኘ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። እናቴ ስልኩን እንደያዘች ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች። ተገኘ የተባለው የሁለቱ ታናሽ ነው፤ እኔ ሳልወለድ ነው የጠፋው። በሬዎቹን የጎረቤት በቆሎ ውስጥ ለቆ አጎቴ ደርሶበት፣ «ውጣ ከዚህ ቤት! ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ!» አለው። ልጁም በዝናብ ወጥቶ ከቤቱ ጀርባ ባለው ቦረቦር በኩል ሄደ። ወዲያው ደራሽ ጎርፍ ወረደ። አጎቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜን ጎርፍ በላው፣ ገዳዩም እኔ ነኝ ብሎ ቆርጦ ተቀመጠ። አያቴ ግን «ሬሳ ሳላይ ድንኳን አላስተክልም» ብላ፣ ሳይለቀስለት እሷም ሞተች።

አሁን ዝናቡ የቦረቦሩን ግድግዳ ናደውና የሰው አፅም ወጣ። እኔና እናቴ በማግስቱ ስንደርስ እድሩ ድንኳን ተክሏል፣ ነፍሮው ተጥዷል፣ አጎቴ ነጠላውን ዘቅዝቆ ቆሟል። ፖሊስም መጥቶ አይቶ «የቆየ አፅም ነው» ብሎ ሄዷል። ለአጎቴ «የቆየ» ማለት ልክ የእሱ ጸጸት የቆየውን ያህል ነበር።

አፅሙን ጓዳ ውስጥ ሰሌን ላይ አኑረውታል፤ አቡጀዲው አጠገቡ ተጣጥፏል። የሥራ ነገር ሆኖብኝ መንጋጋውን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጥርሱ ተፍቆ ተፍቆ ከላይ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ቀለሙ ግን ወተት ነው! እዚያ ግቢ አድጎ እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው ሰው አንድም የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ እሱ አይደለም» አልኩ።

«አፈር አንጥቶት ነው።»

«አፈር ያጠቁራል እንጂ መቼ ያነጣል?»

«አንቺ ሳትወለጂ የጠፋውን ሰው የት አውቀሽው ነው?»

«የእማዬን ጥርስ አውቃለሁ፣ የእርስዎን አውቃለሁ፣ የራሴን በየማለዳው በመስታወት አያለሁ!»

ለቅሶ ቤት ውስጥ መጮኼ ነው። እናቴ ከኋላ ቀሚሴን ጎተተችኝ። አጎቴ አልተቆጣም፤ ባይቆጣኝ ነው የፈራሁት። «ልጄ፣ ተይኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቁርጤን ልወቅ። ይኸን ሁሉ ዘመን እኮ ማልቀስ አምሮኝ ነው የኖርኩት።»

አንጀቴን በላው። እናቴ መሃል ገባች። «ጋሼ፣ ልቅሶውም ይለቀስ፤ ቢሆንም አንድ ጥርስ ትውሰድና ታስመርምረው» አለችው። አጎቴ አፅሙን ትክ ብሎ አየና፣ «ትውሰድ። አንድ ጥርስ ብትወስድበት አይቀየመኝም፤ ከዚህ የባሰ አድርጌዋለሁ» አለ። ቀበርነው። አጎቴ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ሲደቃ እኔም የሟቹን ማንነት ትቼ ለአጎቴ አለቀስኩ።

ጥርሱን የጥንት ሰዎችን ጥርስ ለምታጠና የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ወሰድኩላት። መጀመሪያ ጥሩ አድርጋ ሰደበችኝ፦ «ሌላውን አፈር አለበሳችሁት? ምን ዓይነት ሐኪም ነሽ?» ቀጥላ አስረዳችኝ። ስትሮንቲየም የሚባል ንጥረ ነገር ከድንጋዩና ከአፈሩ ወደ ውሃው፣ ወደ እህሉ ይገባል። ልጅ ይጠጣዋል፣ ይበላዋል፤ ጥርሱ ሲሠራ አብሮ ይታሸጋል። አጥንት በዕድሜ ይታደሳል፤ የጥርስ ሽፋን ግን አንዴ ከተሠራ ተሠራ ነው። ሰውየው በኋላ የትም ቢዞር ጥርሱ ያደገበትን አገር ውሃ እንደያዘ ይቀበራል። የእኛ የስምጥ ሸለቆው አፈርና የሌላ አገር አፈር ደግሞ ልካቸው ይለያያል። የመላኪያ ፈቃዱን ራሷ አወጣችና ጥርሱን ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ላከችው።

ወራት ጠበቅን። እናቴ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከማድ ቤት ትሮጣለች። አንድ ቀን ከሰዓት ጓደኛዬ ደወለችና፣ «የእናንተ ሟች እዚያ አላደገችም» አለችኝ።

«አላደገችም?»

«አዎ፣ ሴት ናት፤ ጾታዋንም ዘመኗንም ከዚያው ጥርስ አውጥተውታል። ከሩቅ ነው የመጣችው፤ ካደገች በኋላ። እጅግ ጥንታዊ ናት፤ በሬ በቆሎ ውስጥ ገባ ብሎ የሚቆጣ ሰው ገና አልነበረም።»

ተመስገን! በሽተኛዬን አፉን እንደከፈተ ትቼው ወደ እናቴ ሮጥኩ።

ለአጎቴ በስልክ አይነገርም ብለን ሄድን። የእድሩ ዳኛ ጎረቤቱ ናቸው፤ አብረውት ተቀምጠው ነበር። ነገርኩት። ድገሚልኝ አለኝ፤ ደገምኩለት። ሦስተኛ አስደገመኝ። ከዚያ ከሆዱ የወጣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ትከሻው ወረደ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ‹ወንድሜን› ያልኩላት ሴትዮ ማን ናት?»

«ያ ረቢ!» አሉ ዳኛው። «እንግዳ ናታ! አገሯ ሩቅ፣ ዘመድ የላት። በደንብ ነው ያለቀስንላት። ብቻ እድሩ ነፍሮ አያስመልስም፤ እንዳትጠይቀኝ!»

አጎቴ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ቡናማ ጥርሱ እስከ መንጋጋው ታየ። እናቴም እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። እኔማ ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳልኝ ያህል ቀለለኝ። ገዳይ አይደለም፤ ቢያንስ ያ ቦረቦር አልመሰከረበትም።

ከዚያ ሳቁ በድንገት ቆመ። እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«እኔ እኮ» አለ፣ «ሞቷል ብዬ አንድ ቀን እንኳ ፈልጌው አላውቅም።»

እናቴ የታላቅ ወንድሟን እጅ ከራሱ ላይ አወረደችና፣ «እንግዲያስ ተነሳ፣ እንፈልገው!» አለችው። እሱ ግን ንግግሯን ሳትጨርስ ተነስቶ ጫማውን እየፈለገ ነበር።