ነፋሱ ዛሬ ከየት ነው?

አያቴን አባባ እላቸው ነበር። ጠዋት ሲነሡ፣ "እንዴት አደርሽ" ከማለታቸው በፊት "ነፋሱ ዛሬ ከየት ነው?" ይሉኛል። እኔም ደጅ ወጥቼ፣ አይቼ እነግራቸዋለሁ።

ናፍጣ በኩፖን ሆኖ ወፍጮ ቤታቸው ሥራ ሲፈታ፣ በርሜል ለክንፍ ቀደው፣ አሮጌ የመኪና ዲናሞ ገጥመው፣ አሰላ ግቢያችን ውስጥ የነፋስ መዘውር አቆሙ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዲክሲስ አዙረው በብሎን አሰሩት፤ አውድማ ላይ ገብስ ስናዘራ ነፋሱ ሁልጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነዋ። ክረምት ሲገባ ግን ነፋሱ ከምዕራብ፣ በዝዋይ በኩል ሆነና መዘውሩ ቀጥ አለ።

"በክረምት ማን ያዘራል? በምን ልወቀው!" ብለው በራሳቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ነፋሱ በዞረ ቁጥር መሰላል ላይ ወጥተው፣ ብሎኑን ፈትተው ያዞሩታል።

ሹፌሩ ጎረቤታችን "መኪናዬንስ በነፋስ ያስነዱኛል?" እያለ ያሾፍባቸው ነበር።

"የሳይንስ አስተማሪው ነግሮኛል" ይሉታል ኮስተር ብለው። "ከነፋስ በሚገኝ መብራት፣ ከውሃና ከአየር ነዳጅ ይሠራል። ወፍጮውም መኪናውም በነፋስ ይሄዳል። ብቻ ዕድሜ ይስጠኝ።"

አልሰጣቸውም። አርባቸው ትናንት ወጣ።

ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዴ ደጅ ወጣሁ። መዘውሩ አይዞርም። "ከዝዋይ በኩል ነው፣ አባባ!" እያልኩ ተመልሼ ገባሁ። አልጋቸው እንደተነጠፈ ነው።

መፍቻውን ይዤ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ብሎኑን መጨረሻ ያጠበቁት እሳቸው ናቸው። ሳልፈታው ወረድኩ።