የአኔሌ ማርና የቪንጻስ አፍ

አኔሌና ጎረቤቷ ቪንጻስ ሆድና ጀርባ የሆኑት በአንዲት ቀልድ የተነሣ ነው። በማርያም የፍልሰታ በዓል፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሲጨዋወት፣ አንድ ሰው የአኔሌን ማር አንሥቶ አመሰገነ። ቪንጻስ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና፣ «የአኔሌ ንቦች እኮ አበባ አይወዱም፤ የሚቀስሙት ከሱቅ ነው» አለ። ለንቦቿ ስኳር በጥብጣ እያጠጣች ማር ትለዋለች ማለቱ ነው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና አኔሌ የሰማችው ከመንደሩ ሁሉ ኋላ ነበር።

ለንብ አርቢ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ሌባ ቢሉት ይሻለዋል፤ ሌባ ቢያንስ የሰረቀው ነገር እውነተኛ ነው። ከዚያ ወዲህ አኔሌ ማሯን ለሰው ስትሰጥ፣ ተቀባዩ ማንኪያውን ከመላሱ በፊት ፈገግ ይላል። ያቺን ፈገግታ ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ስድሳውን አልፋ፣ ልጆቿን ድራ፣ ብቻዋን ስትኖር ከዚህ ዓለም የምትሻው ብዙ አልነበረም። ያ ቀልድ የወጣበት አፍ ራሱ፣ ሰው እየሰማ፣ «ማር ነው» እንዲል ብቻ ነበር የምትፈልገው። ሳቋ ከጓሮዋ እስከ ጥድ ጫካው የሚሰማ ሴት ናት፤ ቂሟም ከሳቋ አያንስም። ቪንጻስ ደግሞ ይቅርታ ከሚጠይቅ ጥርሱን ቢያስነቅል የሚመርጥ ሰው ነው። ዓመታት እንዲሁ አለፉ።

ባለፈው የበረዶ ወራት የአኔሌ ንቦች በሙሉ አረፉ። እኛ ሊትዌኒያውያን ሌላውን እንስሳ ሞተ እንላለን፤ ንብ ግን እንደ ሰው አረፈች ነው የምትባለው። አኔሌ አልቅሳ፣ ንብ አበባውን በሚወደው በሊንደኑ ዛፍ ሥር ቀበረቻቸው። ቀፎዎቹን ፍቃ አጠበች፣ ጥሩ ጠረን ያለው ቅጠል አሸችባቸውና ጠበቀች። ሄዳ አትገዛም። ንብ እኛ ዘንድ አይሸጥም፣ አይገዛም፤ ከመጣ ራሱ ይመጣል።

መጣም። በሰኔ፣ ፀሐይ ከረር ባለችበት ረፋድ፣ ከቪንጻስ ቀፎዎች አንዱ ተከፈለና መንጋው እያጉረመረመ አጥሩን ተሻገረ። ቪንጻስ መንጋው በድምፁ እንዲሰፍር ባልዲ በማንኪያ እየደበደበ ከኋላ ከኋላ ሮጠ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ፤ በዚያ አጥር ካለፈ ስንት ዘመኑ። እሱ እያየ መንጋው ከአኔሌ ባዶ ቀፎዎች መካከል አንዱን መረጠና እየተግተለተለ ገባ። አኔሌ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ዋጠች።

የቪንጻስ ሚስት ሳሎሜያ ዱቄት የነካው እጇን በሽርጧ እየጠረገች ደረሰች። አጥሩን ተደግፋ ቀፎውን አየች፣ ባሏን አየች፣ አኔሌን አየች።

«በቃ፤ ዘመድ ሆናችሁ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች።

«ከማን ጋር?» አለ ቪንጻስ።

«ንቦችህ ከመረጧት ጋር ነዋ። እነሱስ ካንተ ይሻላሉ፣ የሚሄዱበትን ያውቃሉ።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። መንጋ ከአንዱ ግቢ ተነሥቶ ሌላው ግቢ ከገባ ሁለቱ ቤቶች የንብ ዘመድ ይሆናሉ። የንብ ዘመዳሞች አይጣሉም። የመጀመሪያውን ማር አብረው ይቆርጣሉ፣ በአንድ ገበታ ይበላሉ፣ ለመንደሩም ያቀምሳሉ። ከተኳረፉ ደግሞ መንጋው ጥሎ ይሄዳል ወይም ያርፋል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ የሚል ሽማግሌ በየቤቱ አይጠፋም። ለአኔሌ ያ አንድ ቀፎ ያላት ሁሉ ነው። እሱን ለማቆየት በምድር ላይ አጥብቃ ከምትጠላው ሰው ጋር ዘመድ መሆን ነበረባት። የንብ ነገር እንዲህ ነው፤ የሰውን ልብ አያማክርም።

ሐምሌ ገባ፤ ሊንደኑ አበበ፣ ቀፎው እንደ ድስት ይንተከተክ ጀመር። ማሩ የሚቆረጥበት ጊዜ ደረሰ። አኔሌ ቪንጻስ መጥቶ ይቅርታ እስኪላት ትጠብቃለች፤ ቪንጻስ ደግሞ አኔሌ እስክትጠራው ይጠብቃል። በመሀል ሳሎሜያ ተመላለሰች። አኔሌ ደጄ ክፍት ነው ትላለች፤ ቪንጻስ ያልተጠራ ሰው በተከፈተ በር የሚገባው ሊሰርቅ ነው ይላል። ሳሎሜያ ሁለታችሁንም ቀፎ ውስጥ አስገብቼ ብዘጋባችሁ ደስ ይለኝ ነበር ብላ ተወቻቸው።

እንዲህ ሲግደረደሩ ነሐሴ መጣ። ከጥዱ ሥር ያለው የአስታ ቁጥቋጦ አበበና የጫካው ወለል ሐምራዊ ሆነ። እዚህ አገር ንብ የሚያውቅ ሁሉ የሊንደኑን ማር አስታው ሳያብብ ይቆርጣል። የአስታ ማር ጠረኑ ልብ ይሰርቃል፤ ግን ግትር ነው፣ በሰፈፉ ቀዳዳዎች ውስጥ ረግቶ ይቀመጣል እንጂ አይፈስም። አኔሌ ይህን ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነገር ነው። ኩራት ግን ዓይን ይጋርዳል። በየማለዳው ቀፎውን እያየች ነገ ትላለች፤ ንቦቹ በበኩላቸው አስታቸውን እያመጡ ይሞላሉ።

በመጨረሻ እልህ ያዛትና ማንንም ሳትጠራ ብቻዋን ልትቆርጥ ተነሣች። ጭስ ሰጠች፣ ሰፈፉ የተሠራባቸውን የእንጨት ፍሬሞች አንድ በአንድ አወጣች፣ ንቦቹን በዝይ ላባ እየጠረገች መለሰች። ፍሬሞቹ ከብደው ክንዷን ሲጎትቱት ደስታዋ ወሰን አጣ። ጓዳ አስገብታ የሰሙን ክዳን በቢላ ገፈፈች፤ ማሩ ቀይ ሆኖ አብረቀረቀ። ፍሬሞቹን በእጅ መዘውር በሚሽከረከረው የማር በርሜል ውስጥ ሰክታ አዞረች። ሌላ ጊዜ ማሩ ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ እንደ ዝናብ ይሰማ ነበር። አሁን ግን ምንም የለም። ፈጥና አዞረች፤ ላቧ ተንቆረቆረ፣ በርሜሉ ጓዳውን ሙሉ እየዘለለ ዞረ፣ ማሩ ግን ከፍሬሙ ንቅንቅ አላለም። ጣቷን ከታች ባለው ቧንቧ ከታ ላሰች፤ ጠብታ እንኳ አልነበረም።

ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። የአስታ ነገር እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም የንብ ዘመዷን ሳትጠራ መቁረጧ ልቧን ይወጋት ጀመር። እንዲህ ያለውን ማር የሚያወጣው መጭመቂያ ነው። በመንደሩ ያለው መጭመቂያ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ የቪንጻስ አባት ያወረሱት። «ጉዴ ፈላ!» አለችና ባዶ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። ሽርጧን ፈታች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ሄደች።

ቪንጻስ ደጁ ላይ እንጨት ይፈልጣል። አየቻትና መጥረቢያውን አስቀመጠ። አኔሌ በመንገዱ ሙሉ ያዘጋጀችውን ንግግር ረሳችው።

«ማሩ አልወጣም አለኝ» አለች።

«አስታ ገባበት?»

«ገባበት።»

«እኔ እኮ በሐምሌ ይቆረጥ ነበር የምለው» አለ ቪንጻስ።

«ለማን ነው ያልከው?»

«ለሳሎሜያ።»

ሳሎሜያ ከመስኮቱ ብቅ ብላ፣ መጭመቂያውን ጋሪ ላይ ጫን አንተ ሰውዬ፣ ከዚያ በኋላ ታወራለህ አለችው።

ጭነው ሦስቱም ወደ አኔሌ ጓዳ መጡ። የማሩን ሰፈፍ ከፍሬሙ እየቆረጡ በነጭ የተልባ ጨርቅ ጠቀለሉ፣ መጭመቂያው ውስጥ ከተቱና ቪንጻስ ዘንጉን ማዞር ጀመረ። በመስኮቱ ንቦች ገብተው በሰዎቹ ራስ ላይ ያንዣብባሉ። ንብ ባለበት ድምፅ ከፍ አይደረግም፣ አይማሉም፣ አይሳደቡም። ስለዚህ ለዓመታት የተጠራቀመው ጠብ በሹክሹክታና በለሰለሰ ድምፅ መውጣት ነበረበት። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ የሚባለው ለእነሱ የተነገረ ይመስል ነበር።

«ስኳር ነው እንዳልክ ታስታውሳለህ ወይ፣ ጎረቤቴ?» አለች አኔሌ፣ ሕፃን በምታባብልበት ድምፅ።

«አስታውሳለሁ፣ ጎረቤቴ» አለ ቪንጻስ በዚያው ድምፅ፣ ዘንጉን እየገፋ።

«እንግዲያው እግዜር ይይልህ።»

«አሜን። ጨርቁን ወደ ግራ ሳቢው።»

ሳሎሜያ ሳቋን ለመዋጥ ሽርጧን አፏ ውስጥ ወተፈች። ያኔ መጀመሪያ ወፍራም ክር የመሰለ፣ ከዚያ አውራ ጣት የሚያህል ቀይ ማር ከጨርቁ ሥር ወጣና እየተጎተተ ወደ ገንቦው ወረደ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩት። የአስታው ጠረን ጓዳውን ሞላ።

አኔሌ እንደ ወጉ ገበታ አቀረበች፦ ጥቁር ዳቦ፣ አይብ፣ ከጓሮ የተቀጠፈ ኪያር ለሁለት የተሰነጠቀ። የመጀመሪያውን የሚቀምሰው መንጋው የመጣበት ቤት ነው። ቪንጻስ ኪያሩ ላይ ማር አፍስሶ ነከሰ። ቀስ ብሎ አኘከ። አኔሌ ዓይኗን ከአገጩ ላይ አልነቀለችም።

«ያኔም አውቅ ነበር» አለ ቪንጻስ ገበታውን እያየ። «ያንቺ ማር ማር እንደሆነ አውቅ ነበር። ይቺ ሚስቴ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ማንኪያዬ፣ የአኔሌ ይበልጣል ብላኝ ነው። ስንት ዓመት ንብ ያረባሁት ሰውዬ! በነጋታው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያንቺን ሲያሞግሱ ስሰማ አፌ አመለጠኝ።»

«ዛሬም ይበልጣል» አለች ሳሎሜያ።

አኔሌ ልትቆጣ አስባ ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣላትም። እንዲያውም አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ቢሆንም የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ጓዳ ውስጥ የተነገረ ቃል ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተነገረውን አይሽረውም። ይህን አልደበቀችውም። «ለኔ ነገርከኝ፣ ደስ ብሎኛል፤ የሳቁት ሰዎች ግን እዚህ የሉም» አለችው።

ቪንጻስ ከገበታው ተነሣ። ለመንደሩ ማቅመሻ የተዘጋጀውን ትልቁን ሳህን አነሣና እስኪሞላ ማር ገለበጠበት። ማሩን ዞሮ የሚያቀምስ ብዙውን ጊዜ የሴት ወይም የልጅ ሥራ ነው። እሱ ግን ቆቡን አጥልቆ፣ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ በሩን በእግሩ ገፍቶ ወጣ።

አኔሌ ከኋላው ሄደች። ልትሰማ እንጂ ልትታይ አልፈለገችምና በአጥሩ ጥግ ቆመች። ቪንጻስ የመጀመሪያውን ቤት አንኳኳ። የወጣው ያኔ ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ጎረቤት ነው፤ ዛሬም ሳህኑን ሲያይ ፈገግ አለ።

«ከየት ነው ማሩ?»

«ከአኔሌ» አለ ቪንጻስ፣ ግማሽ መንደር በሚሰማው ድምፅ። «ስኳር ነው ብዬ አውርቼ ነበር፤ ዋሽቼ ነው። ቀንቼ ነው የዋሸሁት። እንካ፣ ቅመስና ማር ካልሆነ ንገረኝ።»

የሰውዬው ፈገግታ ጠፋ። በጣቱ ዛቀ፣ ላሰ፣ ደግሞ ዛቀ። ሚስቱንም ጠራት። ቪንጻስ ወደ ሁለተኛው ቤት አለፈ፤ እዚያም ያንኑ ቃል፣ ያንኑ ያህል ጮኾ ተናገረ። በሦስተኛው ቤት ከጎን ያሉት ራሳቸው መጡ፤ ሰዎች ከየደጃቸው እየወጡ መንገድ ላይ ቆመው ሳህኑን ከበቡት፣ ዳቦም ይዘው የመጡ ነበሩ። እሱ ለመጣ ሁሉ እየደገመ «ዋሽቼ ነው፣ ቅመሱ» ይላል፤ አንዴም አልታከተም፤ ጥርሱን የሚያስነቅል ሰው ግን ይመስል ነበር።

አኔሌ በአጥሩ ጥግ እንባዋ ወረደ። ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣባት፤ በእጇ ብታፍነውም አመለጣት፤ መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ቪንጻስም ዞረ፤ ያጋደለውን ሳህን ወደ እሷ ዘረጋ። ልሰው አጽድተውታል።

«የንብ ዘመዴ፣ ምን ቆመሽ ትስቂያለሽ?» አላት። «ሂጂና ጨምሪልኝ፤ ገና ከወንዙ ወዲያ ያሉት አሉ፣ እነሱም ስቀው ነበር።»