ተልባውና ያልገባሁበት ክፍል

ተልባ በማንኪያ ሲመቱት ይቀጥናል፣ ሲተዉት መልሶ ይወፍራል፤ የቀድሞ ውፍረቱን በምን ያውቀዋል? በምሠራበት ላቦራቶሪ ጄል ሳማስል ማንኪያው ከብርጭቆው ጠርዝ ጋር በተጋጨ ቁጥር፣ እዚሁ ዐረብ አገር ያደግሁባት የቢን ኦምራኗ ጠባብ ቤታችን ድምፅ ይመለስብኛል፣ ጥያቄውም አብሮት ይመጣል፤ እስካሁን በደንብ አልመለስኩትም።

የእናቴ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማዋ፣ ጊዜው አልፎ ከተቃጠለባት በኋላ የእኔም ወረቀት አብሮ ስለቀረ፣ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ነበረች። ዓርብ ዓርብ አቡ ሃሙር ሰፈር ያለውን ቤተ ክርስቲያን ስመው የሚመለሱ፣ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች እኛ ዘንድ አረፍ ይሉ ነበርና፣ እናቴ ወሬው ወጥቶ እንዳንያዝ ፈርታ፣ «ስንተኛ ክፍል ነሽ ካሉሽ ሦስተኛ በይ፣ ኸላስ፣ በቃ» ብላኝ ነበር።

ሙቀቱ ከቤት አላስወጣ ባለበት ወራት፣ አል ዋዓብ ሰፈር የሚሠሩት እትዬ አበሩ የማዳማቸው ልጆች የጣሏቸውን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በፌስታል ያመጡልኝ ጀመር። ሦስተኛ ስላልኩ የሦስተኛን አመጡ። በሚቀጥለው ዓርብ «እስኪ የተማርሽውን ንገሪኝ» ማለታቸው ስለማይቀር፣ መዝገበ ቃላት ታቅፌ፣ ያልገባኝን ገጽ ሦስት ጊዜ እየገለበጥኩ አነብ ነበር። ዓመቱ ሲዞር አራተኛ ነኝ አልኩ፤ የአራተኛው መጣ። ውሸቴ ከፊት እየሮጠ፣ እኔ ከኋላ እየተከተልኩት አደግሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እናቴ ለሴቶቹ ተልባ ትዘፈዝፍ ነበር። የሳይንስ መጽሐፌ አንድ ነገር ብቻ ለውጠሽ ተመልከቺ ስለሚል፣ ከማንኪያው ጫፍ የሚንጠለጠለው ክር እስኪበጠስ እየቆጠርኩ፣ አንዴ ውኃ፣ አንዴ ሎሚ እየጨመርኩ ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። አንድ ሐሙስ የጨው ተራ ደረሰ፤ በብርጭቆ መሞከሩ አልበቃኝ ብሎ ድስት ሙሉው ላይ ጨመርኩት። ዓርብ ተልባው ክሩን አጥቶ፣ ቀጥኖ ቀረበ።

«ይሄ ተልባ ነው የባሕር ውኃ?» አሉ እትዬ አበሩ፣ ሴቶቹም ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ትምህርት ቤት የሚያስተምሩሽ ይሄን ነው? ማዳምን አስፈቅጄ አስተማሪሽን ሳላነጋግር አልቀርም!»

እናቴ ጆጉን አስቀምጣ ወደ እኔ ተጠጋች።

«የቤት ሥራዬ ነው» አልኩ ድምፄን አጠንክሬ፣ «ጨው እንደሚያቀጥነው ላረጋግጥ ነው።» ደብተሬንም ዘረጋሁላቸው።

ቁጥሮቹን በጣታቸው እየተከተሉ አዩና፣ «ጎበዝ! ቀጣዩን ግን በራስሽ ሆድ ሞክሪው» አሉ። በሳምንቱ የአምስተኛው መጽሐፍ መጣ።

ዛሬ ክሩን የሚለካልኝ መሣሪያ አለ፤ እኔ በጣቴ ስቆጥር ከምስተው በብዙ ያነሰ ይስታል። እኔ ግን ያኔ እንደማጣራው አሁን የማጣራ አይመስለኝም፤ ያኔ አንድ ቁጥር ብስት እናቴን የማጋልጥ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓርብ እትዬ አበሩ ጠቅልለው ወደ አገር ሊገቡ ስለሆነ ልሰናበታቸው ሄድኩ። ሻንጣቸውን ሲዘጉ፣ «እትዬ፣ ያኔ ሦስተኛ ነኝ ስልዎት አንደኛም አልገባሁም ነበር» አልኳቸው።

ዚፑን ለቀው አፈጠጡብኝ።

«አንቺ! ታዲያ አትናገሪም? የአንደኛውና የሁለተኛው መጽሐፍ እኮ እዚያው ማዳም ቤት ጋራዥ ውስጥ ተደርድሮ ነበር!»